ሙሉው ካሴት

የጁስ መፍጫዬ ጭስ ጭስ ማለት ስለጀመረ አየር ጤና አደባባዩ አጠገብ ያለ አንድ ጠጋኝ ዘንድ ይዤው ሄድኩ። ሰዓድ ይባላል። ሱቁ ሁለት ሰው ካስገባ ሦስተኛው ደጅ ይቆማል፤ እሱ ግን ከአላፊ አግዳሚው ሁሉ ጋር እያወራ ነው የሚሠራው። መፍጫዬን ፈቶ የተቃጠለውን ሽቦ እያሳየኝ ሳለ አንድ ረጅም፣ ትከሻቸው ገና ያልጎበጠ ሽማግሌ ገቡ። ኮታቸው ተተኩሷል፣ ጫማቸው ተወልውሏል። ቀጠሮ ያለው ሰው ይመስላሉ።

“ልጄ፣ የድሮ የቪዲዮ ካሴት ይኖርሃል? ትልቁን፣ ዴክ ውስጥ የሚገባውን።”

ሰዓድ ከጠረጴዛው ሥር አቧራ የጠጣ ካርቶን ጎትቶ አወጣና አንዱን በእጅጌው ጠርጎ ሰጣቸው። ምንም ያልሆነ፣ ንጹሕ ካሴት ነው አላቸው። ሽማግሌው ወደ ብርሃኑ አዙረው አዩትና መለሱለት።

“የተበላሸ ነው የምፈልገው። ክሩ የተጎለጎለ፣ የሻገተ፣ አይጥ የገባበትም ቢሆን ደስ ይለኛል።”

“አባባ፣ እዚህ ሱቅ አሥራ አንድ ዓመት ስቀመጥ የተበላሸ ስጠኝ ያለኝ እርስዎ የመጀመሪያው ነዎት።”

“እንግዲህ አንድ ሰው መጀመር አለበት” አሉ ኮስተር ብለው።

እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ ዝም ማለት አይሆንልኝም። ምን ሊያደርጉበት እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ከላይ እስከ ታች አዩኝና ጋዜጠኛ ነህ ወይ አሉኝ። አይደለሁም። የፊልም ሰውስ? እሱም አይደለሁም፤ የጁስ መፍጫ የተቃጠለበት ሰው ነኝ። ሳቁ። በዚያች ሳቅ ተግባባን። የእኔ ዕቃ ገና አንድ ሰዓት ይፈጃል ተባለ፤ እሳቸውም አንጀቱ የተዘረገፈ ካሴት በፌስታል ይዘው ቀጠሯቸው እስኪደርስ የሚያርፉበት ይፈልጉ ነበር። ጎን ካለችው ሻይ ቤት ገብተን ተቀመጥን።

ስማቸው ጃለታ ነው። ጋሽ ጃለታ እያልኩ አወራኋቸው። አሁን ቤታቸው ዓለም ባንክ ነው፤ ከዚያ በፊት ግን ኮልፌ ነው የኖሩት፣ ኮልፌ ደግሞ ጃለታ ብሎ ብቻ የሚጠራቸው አልነበረም። ህንዱ ጃለታ ነው ስማቸው። ዛሬም የድሮ ጎረቤት ታክሲ ውስጥ ሲያገኛቸው “ህንዱ፣ አሉ እንዴ?” ይላቸዋል፤ ተሳፋሪው ዞር ብሎ መልካቸውን ያይና ግራ ይጋባል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ጋሽ ሀብተሥላሴ የሚባሉ ጨርቅ ነጋዴ መጋዘናቸውን ለሁለት ከፍለው ግማሹን ቪዲዮ ቤት አደረጉት። አግዳሚ ወንበሮች ደረደሩ፣ መስኮቱን በጥቁር አቡጀዴ ጋረዱ፣ አንድ ቴሌቪዥን ከፍ አድርገው ሰቀሉ። ሰው የህንድ ፊልም ይወዳል፤ ግን ገብቶ ያለቅስና ለምን እንዳለቀሰ ሳይገባው ይወጣል። ተርጓሚ ተፈለገ። ያኔ ጃለታ የመጋዘኑ ዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነበር። አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ ሆለታ ሲማር ሒሳብ ያስተማረውን ህንዳዊ መምህር አነጋገር እያስመሰለ ጓደኞቹን ሲያስቅ ጋሽ ሀብተሥላሴ ሰሙት። አንተ ህንድኛ ትችላለህ እንዴ አሉት።

“እኔ መቼ አዎ አልኩ?” አሉኝ ጋሽ ጃለታ። “ዝም ነው ያልኩት። ዝም ማለቴ አዎ ሆኖ ተቆጠረ።”

መምህሩ የሚያስተምረው በእንግሊዝኛ ነበር፤ በራሱ ቋንቋ የሚናገረው ሲቆጣ ብቻ ነው። ከእሱ የያዙት አራት ስድብና አንድ ሰላምታ ነው። በኋላ ደግሞ፣ ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ ሰውዬው ከደቡብ ህንድ እንደነበረ ሰሙ። ፊልሙ ላይ የሚነገረው ቋንቋ የመምህሩ ቋንቋ እንኳ አልነበረም።

ታዲያ እንዴት አድርገው ይተረጉሙ ነበር? ጠዋት ጠዋት ብቻቸውን መጋዘኑ ውስጥ ገብተው ካሴቱን ሁለት ጊዜ ያያሉ። ማን ማንን አይቶ እንደደነገጠ፣ ማን ፎቶ አውጥቶ እንዳለቀሰ፣ የትኛው ሰው ከጀርባ ምን እንደሚሠራ። ከዚያ ታሪኩን ይገጥሙታል። ስምንት ሰዓት ላይ ቀጭን ዱላ ይዘው ቴሌቪዥኑ ጎን ይቆማሉ፤ አፍቃሪውን በለስላሳ፣ ክፉውን ከጉሮሮ፣ ልጅቷን በአፍንጫ ይናገሩታል። “እናት ላይ ግን የሚደርስብኝ አልነበረም” አሉ። “የእኔን እናት ሰምቶ ሳያለቅስ የወጣ የለም።”

ችግሩ ሁለት ቀን የሚመጣ ሰው ነው። ወይዘሮ ጽጌማርያም የሚባሉ ሽንኩርት ነጋዴ ነበሩ፤ የወደዱትን ፊልም ይደግሙታል። አንድ ቀን መሃል ላይ ተነስተው ቆሙና፣ ትናንት ይቺን ሴት አክስቱ ናት ብለህ ዛሬ እንዴት እናቱ አደረግካት ብለው ቤቱን አስቆሙት።

“ምን መለሱ?”

“‘እትዬ ጽጌማርያም፣ ትናንት ምስጢሩ መቼ ወጣና?’ አልኳቸው። ቤቱ አጨበጨበ። ከዚያ ወዲህ ግን ያልኩትን እያስታወስኩ ነው የምናገረው።”

እየሳቅን ሌላ ሻይ አዘዝን። ሆለታ መማራቸውን ስላነሱ ስለ ቤተሰብ ጠየቅኋቸው። አባታቸው ገና በልጅነታቸው ነው የሞተው። ያሳደጋቸው፣ ትምህርት ቤትም የላካቸው ታላቅ ወንድማቸው ቀጄላ ነው። እሱ ራሱ ሳይማር እሳቸውን አስተማራቸው። አሁንም ሆለታ አለ፣ ደህና ነው፣ ልጆቹ ከተማ ውስጥ ቤት ሠርተውለታል። ትገናኛላችሁ ወይ አልኩ።

“ለቅሶ ላይ” አሉና ስኳሩን ማማሰል ጀመሩ።

ገባኝ። ወደ ካሴቱ መለስኳቸው።

ሀብተሥላሴ ቪዲዮ ቤት ካሳያቸው ሁሉ አንድ ፊልም ነበር፣ አሥራ አንድ ቀን ተከታትሎ የታየ። ሁለት ወንድማማቾች ተጣልተው ይለያያሉ። ታናሹ ሲያገባ ታላቁ ዝናብ ውስጥ ከሠርጉ ቤት በር ላይ መጥቶ ይቆማል። መጀመሪያ ከበር ጠባቂው ጋር ያወራል፤ ከዚያ ታናሹ ወጥቶ እጁን ይይዘዋል። ሦስት ደቂቃ ሙሉ ያወራሉ። ሙዚቃ የለ፣ ፎቶ የለ፣ ጥፊ የለ። ጋሽ ጃለታ በዚያ ጠዋት ካሴቱን ሰባት ጊዜ አጠንጥነው አዩት። ምን እንደሚባባሉ ጭራሽ ሊገምቱ አልቻሉም። ስምንት ሰዓት ሲሆን የራሳቸውን ቃል አስገቡበት። ያን ቀን ጋሽ ሀብተሥላሴ ራሳቸው ከበሩ ትኬት መቁረጡን ትተው ገብተው አለቀሱ።

ፊት ለፊት ምንጣፍ ላይ ከሚቀመጡት አንዱ የጎረቤት ነጋዴ ልጅ ማኑሄ ነበር። አሁን ፊልም ሠሪ ሆኗል። ያንን የህንድ ፊልም ወደ አማርኛ አምጥቶ፣ ወንድማማቾቹን የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ አድርጎ ሠራው፤ ከህንድ ፊልም ነው የወሰድኩት ብሎም በግልጽ ተናገረ። ሲኒማ ቤት የበሩ ትዕይንት ሲደርስ ሰው መሐረቡን ያወጣል። አሁን ደግሞ አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ለፋሲካ ሊያሳየው ፈልጎ፣ ከየትኛው ፊልም ምን ምን እንደተወሰደ በጽሑፍ አምጣ አለው። ማኑሄ የመጀመሪያውን ፊልም ፈልጎ አገኘና አየው። በሩም አለ፣ ዝናቡም አለ፣ ወንድማማቾቹም አሉ። ከሥር በእንግሊዝኛ የሚጻፈው ንግግር ግን ሌላ ነው። ያ ሁሉ ሰው ያለቀሰበት ቃል አንዱም የለም።

እዚህ ላይ ጋሽ ጃለታ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።

“ምን ብሎ አሰበ መሰለህ? ይሄ የተቆረጠ ነው፣ ጽሑፉም የተሳሳተ ነው፤ ሙሉው ኮልፌ የታየው ካሴት ነው አለ። እኔን ፈልጎ ፈልጎ አገኘኝ። ብርቱካን ይዞ መጣ፣ ጉልበቴን ሳመ። ‘ጋሽ ጃለታ፣ ሙሉው ካሴት እርስዎ ጋ ነው’ አለኝ። ምን ብዬ ልመልስለት? እፈልገዋለሁ አልኩት።”

ሦስት ሳምንት እየፈለግኩ ነው ሲሉት ቆዩ። ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ልጁ ለመጨረሻ ጊዜ ይመጣል፤ ነገ ጽሑፉን ለጣቢያው ያስረክባል። ፌስታሉ ውስጥ ያለውን አይጥ የበላው ነው ብለው ሊገላገሉ ነው።

እውነቱን ለምን አይነግሩትም አልኩ። ቃሉ የእርስዎ ነው፤ የእኔ ነው ቢሉት ምን ይጎዳል?

“የእኔ ነው ካልኩ እኮ ህንድኛ አልችልም ማለቴ ነው” አሉኝ። ልጆቻቸው ትምህርት ቤት አባታችን ህንድኛ ይችላል እያሉ ነው ያደጉት። ሰፈር ውስጥ ሰው ሲተዋወቅ፣ ይኼ ህንዱ ጃለታ ነው፣ ስንት አገር ቋንቋ የሚያውቅ ሰው መሰለህ ይባላል። እድር ላይ ጸሐፊ ያደረጓቸው የተማረ ነው ብለው ነው። አንድ ጊዜ አንዲት እናት የህንድ መድኃኒት ብልቃጥ ይዘው መጥተው አንብብልኝ ቢሏቸው፣ ይኼ የሌላ ክፍለ ሀገር ፊደል ነው ብለው መልሰዋቸዋል፤ እሷ ነገር እስከ ዛሬ ትቆረቁራቸዋለች። “በሌላ በኩል ደግሞ ዝም ካልኩ፣ ያ ቃል ማኅተም ተመትቶበት ላላሉት ሰዎች ይሰጣል። ሦስት ሳምንት እንቅልፍ የነሳኝ ይኸው ነው።”

ሲነሱ፣ ሥራ ከሌለህ አብረኸኝ ና አሉኝ፤ ብቻዬን ስዋሽ ፊቴ ያሳብቅብኛል፣ እንግዳ ካለ ግን ልጁ አንተን ያያል። መፍጫዬን ለሰዓድ አደራ ብዬ ታክሲ ውስጥ አብሬ ገባሁ። እስከ ዓለም ባንክ አይጥ እንዴት እንደገባ ሲለማመዱ ነበር።

ማኑሄ ቀድሞን ደርሶ ሳሎን ተቀምጧል። ሠላሳ አምስት ቢሆነው ነው፤ ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ የጋሽ ጃለታን ባለቤት፣ እትዬ ቦንቱን፣ ስለ ልጆቻቸው ይጠይቃል። ስንገባ ብድግ አለ። ጋሽ ጃለታ ወግ ሳያበዙ ፌስታሉን ከፈቱ። ክሩ ወለሉ ላይ ተዘረገፈ። እንግዲህ እንዳየኸው ነው ልጄ፣ አይጥ አሉ።

ልጁ ተንበርክኮ ክሩን መሰብሰብ ጀመረ። ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል ብለን ነው ያሰብነው። እሱ ግን ቀና ሲል ፊቱ በርቷል። ምንም አይደለም አለ። እንዲህ ያለ ክር በአልኮል አጥቦ፣ የተቆረጠውን አንድ በአንድ ቀጥሎ የሚያወጣ ሰው ያውቃል፤ ሦስት ወርም ይፍጅ ስድስት ወር አብሮት ይቀመጣል። ጣቢያው ይጠብቅ። ካልጠበቀም ፋሲካው ይለፈው።

ጋሽ ጃለታ አዩኝ። እኔም አየኋቸው። ከሰዓድ ካርቶን የወጣው ካሴት የማን ምረቃ ይሁን የማን ክርስትና ሁለታችንም አናውቅም።

“ተወው ልጄ” አሉት። “እዚያ ውስጥ የለም።”

“ታዲያ የት ነው ያለው?”

“የትም የለም። እኔ ነኝ ያልኩት። ህንድኛ አልችልም፣ ችዬም አላውቅም።”

ማኑሄ ሳቀ። ጋሽ ጃለታ ድሮም ቀልደኛ ነዎት አለ። እኔን አየኝ፣ እትዬ ቦንቱን አየ፤ ማንም አልሳቀለትም። ጋሽ ጃለታ ያንን ነገር ክፈተው አሉት። ልጁ ላፕቶፑን ጠረጴዛ ላይ አድርጎ የበሩን ትዕይንት አመጣ። እሳቸው ተነስተው ጎኑ ቆሙ፤ እጃቸው ሳያውቁት ዱላ እንደያዘ ሰው ተሰነዘረ።

ዝናቡ ይወርዳል። ታላቁ ወንድም በር ላይ ቆሟል። ከሥር የሚጻፈውን እንግሊዝኛ እኔ አነባለሁ፤ ጠበቃው ከከተማ እንደመጣ፣ መዝገቡ ሐሙስ ፍርድ ቤት ካልተመለሰ ክሱ እንደሚዘጋ ይላል። ከጎን የሚሰማው የጋሽ ጃለታ ድምፅ ነው፤ ዝቅ ያለ፣ ትንሽ የሻከረ፣ ከሰውዬው ከንፈር ጋር አብሮ የሚከፈትና የሚዘጋ።

“አልገባም። ሠርገኛ አይደለሁም፤ መንገድ የጠፋበት ሰው ነው በላቸው። የሙሽራውን ድምፅ ከዚህ ሆኜ ከሰማሁ ይበቃኛል፣ እሄዳለሁ።”

ታናሹ ከቤት ወጣ። ድምፃቸው ተለወጠ፤ ወጣት ሆነ።

“መንገድ የጠፋበት ሰው እንዲህ ተጣጥቦ፣ ደህና ኮቱን ለብሶ አይመጣም። ና ግባ ወንድሜ። አንተ ሳትገባ ማን ይመርቀኛል?”

የማኑሄ ከንፈር አብሮ ይንቀሳቀስ ነበር። በቃሉ ያውቀዋል። እትዬ ቦንቱ ከማድ ቤቱ በር ላይ ትሪ እንደያዙ ቆመው ቀሩ። ትዕይንቱ አልቆ ሌላ ዘፈን ሲጀምር ልጁ እጁን ሰድዶ ዘጋው።

“እኔ ይሄን ሁሉ ጊዜ ከህንድ ወሰድኩ ስል የወሰድኩት ከእርስዎ ነው” አለ ቀስ ብሎ።

“እኔስ ጠርጥሬ ነበር” አሉ እትዬ ቦንቱ ትሪውን እያስቀመጡ። “ሠላሳ ዓመት አብሬው ስተኛ አንድ ቀን እንኳ በህንድኛ አልቃዠም።”

ያኔ ነው የተነፈስነው። ማኑሄ ዓይኑን እየጠረገ ሳቀ። ከዚያ ጽሑፉን ከፈተና የጻፈውን ሰረዘ። ሲያስብ ቆይቶ፣ የሰፈሩን ጠባይ የሚያውቅ ልጅ ነውና፣ አንድ ነገር አቀረበ። ፊልሙ ሲጀምር ‘ትርጉም፦ ጃለታ ኩምሳ’ ተብሎ ይውጣ። ስማቸው ይኖራል፣ ህንድኛ አይችሉም የሚል ግን አይኖርም። ኮልፌ እንደኮራባቸው ይቀራል፤ እዚህ ቤት የተባለውም እዚህ ይቀራል።

እኔ በልቤ ተገላገሉ አልኩ። ጋሽ ጃለታ ግን ወለሉ ላይ የቀረውን ክር ወደ ፌስታሉ መመለስ ጀመሩ። እትዬ ቦንቱ ሻዩን ቀድተው ለሁላችንም አዳርሰው ተቀመጡ።

“አይሆንም” አሉ በመጨረሻ። “የበሩን ንግግር የደረሰው ጃለታ ኩምሳ ነው በል። ከህንድ አልመጣም ብለህም ጨምርበት።”

ልጁ እርግጠኛ ነዎት ወይ ብሎ ሁለት ጊዜ ጠየቃቸው። ኮልፌ ይስቅብኛል ብለህ ከሆነ ይሳቅ፣ ድሮም ያሳቅኩት እኔ ነኝ አሉት። ጻፈ። እሳቸው መነጽራቸውን አድርገው፣ የአባታቸውን ስም በትክክል መጻፉን ፊደል በፊደል አዩለት።

ልሄድ ስል እስከ ፌርማታው ሊሸኙኝ ወጡ። ወያላው ጦር ኃይሎች፣ ጦር ኃይሎች እያለ ይጣራል፤ ወደ አየር ጤና የሚሄደው የእኔ ታክሲ ገና ነው። ቆመን ሳለ ያልገባኝን ጠየቅኋቸው። ልጁ መውጫ ሰጥቷቸው ነበር፤ ለምን አልወሰዱትም?

ስለ ሠርጋቸው ነገሩኝ። ቀጄላ ለእሳቸው አገር ቤት ልጅ አጭቶ፣ ሽማግሌ ልኮ፣ ቃል ተቀብሎ ነበር። እሳቸው አዲስ አበባ ቦንቱን ወደዱ። ታላቅየው ሰው ፊት አዋረድከኝ፣ ሠርግህ ላይ አልቆምም አለ። የሠርጉ ዕለት ግን መጣ። ኮቱን ለብሶ ድንኳኑ በር ላይ ቆመ፤ ግባ ሲሉት ሠርገኛ አይደለሁም፣ መንገድ የጠፋበት ሰው ነው በሏቸው አለ። ጥቂት ቆሞ ሰማና ሄደ።

“እርስዎስ?”

“ነገሩኝ። ሙሽራ ነኝ፣ ወንበሬ ላይ ነኝ፣ ኮርቻለሁ። አልወጣሁም። ያን ፊልም ሳይ ታናሹ ወጣ። ወጥቶ ምን እንዳለው አላውቅም፤ እኔ ብወጣ ኖሮ የምለውን አልኩለት።”

ታክሲው መጣ። በሩን ይዘው አስገቡኝና አንገታቸውን በመስኮቱ አዘነበሉ።

“ፋሲካን ቀጄላ ቤት ቴሌቪዥኑ አይዘጋም” አሉኝ። “ትርጉም ተብሎ ከተጻፈ እኮ፣ ና ግባ ያለው ህንዳዊ ነው እንጂ ወንድሜ አይደለም ብሎ ያልፈዋል።”